ስታፍ ያመጣው ማጅራት ገትር፦ በየት በር ገባ ብላችሁ ጠይቁ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ከሐይቅ የፃፈች አንዲት እህት የ24 አመት ወንድሟ ኮምቦልቻ መንገድ ላይ ከሞተር ወድቆ ጭንቅላቱ ተመትቶ ኦፕራሲዮን ተሰራለት፣ ድኖ ቤት ገብቶ አብሮ ቡና መጠጣት ከጀመረ በኋላ በ3ኛው ሳምንት ራስ ምታትና ትኩሳት ጀመረው፣ ቤተሰብ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ አሸው፣ በማግስቱ አንገቱ አልታጠፍ ሲል ደሴ ይዘውት መጡ፣ ከጀርባው ውሃ ተወስዶ "ማጅራት ገትር ነው፣ ጀርሙ ስታፍ ነው" ተባሉ። ቫንኮማይሲን የሚባል መድሀኒት በጉሉኮስ ከጀመረ ዛሬ 6ኛ ቀኑ ነው፣ ትኩሳቱ ጠፍቷል፣ መብላት ጀምሯል። የምትጠይቀው ደግሞ፣ ይተላለፋል ወይ ጎረቤት ልጆቹን ከቤታችን አራቀ፣ ከሆስፒታል ነው የያዘው ወይ፣ ሌላው ሰው ሁሉ የሚድንበት ሴፍትሪያክሶን ለሱ ለምን አልበቃም፣ ከጀርባ ውሃ መወሰዱ ሽባ አያደርገውም ወይ፣ ብሩም ስላለቀ እሱም ስለተሻለው በኪኒን አስቀይረን ቤት ብንወስደውስ ነው።

እህቴ አብሽሪ። ደሴ ውስጥ የምሰራ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፣ እንዲህ አይነት ታማሚ ብዙ ባይሆንም አክሜአለሁ። ሁሉንም እመልስልሻለሁ ግን በጠየቅሽው ቅደም ተከተል አይደለም፣ ከሁሉም ያስጨነቀኝ የመጨረሻው ጥያቄሽ ነው። አሁን እንዳታስወጡት። በፍፁም። ለምን እንደሆነ ደግሞ "ዶክተሩ ስላለ" ብለሽ ሳይሆን ገብቶሽ ለእናትሽም ለአጎቶችሽም ማስረዳት እንድትችይ ከስሩ ልጀምርልሽ።

መጀመሪያ የጎረቤቱን ነገር እንጨርስ። ማጅራት ገትር ሲባል ትልልቆቹ ትዝ የሚላቸው በ1981 ዓ.ም. አገሪቱ ላይ የወረደው አይነት ወረርሽኝ ነው፣ በበጋ አቧራና ደረቅ ንፋስ ባለበት ጊዜ ከአንዱ ወደ አንዱ በትንፋሽና በሳል እየተላለፈ ሰፈሩን ሁሉ የሚያዳርሰው። እሱን የሚያመጣው ማኒንጎኮከስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው፣ ከሴኔጋል ጀምሮ እስከ እኛ አገር ድረስ ያለው ምድር ሁሉ የማጅራት ገትር ቀበቶ ይባላል፣ እሱ ሲሆን አብሮ የሚያድረው ቤተሰብ መከላከያ መድሀኒት እንዲወስድ ይደረጋል። የወንድምሽ ግን ያ አይደለም። ስታፍ አንጎል ሽፋን ላይ ደርሶ የሚያመጣው በሽታ አብሮ በመቀመጥ፣ በማስታመም፣ አብሮ ቡና በመጠጣት ማጅራት ገትር ሆኖ ሌላ ሰው ላይ አይሄድም። ለናንተም ለጎረቤት ልጆችም መከላከያ ኪኒን አያስፈልግም፣ ከጠያቂ የሚፈለገው ሲገባና ሲወጣ እጁን በሳሙና መታጠብ ነው፣ የቁስሉን ፋሻ ደግሞ ማንም እንዳይነካ። ጎረቤቶቻችሁን በዚህ ቃል ንገሯቸው፣ ይሄ የሚጋባው አይደለም በሏቸው፣ በህመም ሰዓት ሰው መሸሹ ከህመሙ በላይ እንደሚጎዳ አውቃለሁ።

እሺ ስታፍ ምንድነው? ሙሉ ስሙ ስታፍሎኮከስ ነው። በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. አሌክሳንደር ኦግስተን የሚባል የስኮትላንድ ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም ከታማሚዎቹ ብጉንጅና እባጭ የወጣውን መግል በማይክሮስኮፕ ሲያየው ክብ ክብ ነገሮች እንደ ወይን ዘለላ ተከማችተው አገኘ፣ ስሙንም ከግሪኩ የወይን ዘለላ ከሚለው ቃል ወስዶ አወጣው። የወንድምሽን የጀርባ ውሃ ያየው የላብራቶሪ ባለሙያም ቀለም ጨምሮ ያየው ያንኑ ነው፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ዘለላ፣ ለዛ ነው ካልቸሩ (ጀርሙን አሳድጎ የሚለየው ምርመራ) ገና ሳይደርስ በመጀመሪያው ቀን "ስታፍ ይመስላል" ያሏችሁ። ይሄ ባክቴሪያ ከየትም ርቆ የመጣ አይደለም፣ ከ10 ሰው 3ቱ ገደማ ኦሪየስ የሚባለውን አይነት አፍንጫው ውስጥ ይዞት ይኖራል ምንም ሳይሆን፣ ኤፒደርሚዲስ የሚባለው ወንድሙ ደግሞ የሁላችንም ቆዳ ላይ አለ። ቆዳ ላይ እስከተቀመጠ ድረስ ሰላም ነው። ችግሩ በር ሲከፈትለት ነው።

እና እኔ ስታፍ የሚል ውጤት በመጣ ቁጥር የመጀመሪያ ጥያቄዬ "በየት በር ገባ?" የሚለው ነው፣ ምክንያቱም ኒሞኮከስ (የሳንባ ምችም የሚያመጣው ባክቴሪያ) እና ማኒንጎኮከስ ከጉሮሮ ተነስተው በራሳቸው ጊዜ ጤነኛ ሰው አንጎል ሽፋን ላይ ይደርሳሉ፣ ስታፍ ግን እንዲህ በባዶ ሜዳ ማጅራት ገትር አያመጣም ማለት ይቻላል። ሁሌም ከጀርባው አንድ ነገር አለ። በሩ ካልተገኘና ካልተዘጋ መድሀኒቱ የፈለገውን ያህል ጎበዝ ቢሆን ሲቆም በሽታው ይመለሳል።

የወንድምሽ በር ግልፅ ነው፣ ኦፕራሲዮኑ። የራስ ቅሉ ተከፍቷል፣ አንጎልን የሚሸፍነው ወፍራሙ ሽፋን ተነክቷል፣ ምናልባት ብረት ወይም ቱቦ ገብቶለት ይሆናል። "ከሆስፒታል ነው የያዘው?" ላልሽው እውነቱን ልንገርሽ፣ በሩ የተከፈተው ህክምናው ላይ ነው፣ ባክቴሪያው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከራሱ ከታማሚው ቆዳና አፍንጫ ነው የሚመጣው፣ አንዳንዴ ደግሞ ከባለሙያ እጅ። በጣም ንፁህ በሚባል ቦታ እንኳን ሙሉ በሙሉ አይቀርም፣ ለምሳሌ የጭንቅላት ውሃ ላለባቸው ህፃናት ሹንት የሚባለው ቱቦ ሲገባላቸው በአብዛኛው የሚጠቀሰው ከ100 ከ5 እስከ 15 ያህሉ ኢንፌክሽን እንደሚይዛቸው ነው፣ ዋናው ጥፋተኛም ያ የቆዳው ስታፍ ነው። ስለዚህ ያ ኦፕራሲዮን የወንድምሽን ህይወት አትርፏል፣ ይሄ ደግሞ የሱ መዘዝ ነው፣ ሁለቱም እውነት ነው። ማንንም ለመውቀስ ከመሄዳችሁ በፊት ግን የኦፕራሲዮኑን ወረቀትና ሲቲ ስካኑን ፈልጋችሁ አሁን ለሚያክሙት ሐኪሞች ስጧቸው፣ ምን ብረት ምን ቱቦ እንደገባለት ማወቅ አለባቸው። እሱ ወረቀት ዛሬ ከምንም በላይ ይጠቅማል።

አንድ ነገር ደግሞ ራሱን ጠይቂው። ከአደጋው ወዲህ ጎንበስ ሲል በአንዱ አፍንጫው ጠብ ጠብ የሚል እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ አለ ወይ? ጉሮሮው ላይ ጨው ጨው የሚል ነገር ይሰማዋል ወይ? ጉንፋን ነው ብለው ሰዎች ያልፉታል ግን ጭንቅላቱ ለተመታ ሰው ያ ፈሳሽ የአንጎል ውሃ ሊሆን ይችላል፣ የራስ ቅሉ ስር ተሰንጥቆ ማለት ነው፣ ያ ከሆነ በሩ አሁንም ክፍት ነው። በጥጥ እንዳይደፍነው፣ በሀይል እንዳይናፈጥ፣ ዛሬውኑ ለሐኪሙ ተናገሩ።

የስፌቱን ነገርም ላንሳ፣ ይሄን ሳልል ባልፍ አይኔ ላይ ይመጣብኛል። አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች፣ ራሱ ላይ የተጠመጠመው ፋሻ ቢጫ ሆኖ ርሷል፣ ስንፈታው ስፌቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ለጋ ቅቤ ተቀብቷል፣ ላዩ ላይ ደግሞ የተወቀጠ ፌጦ። ከቅቤው ስር ሁለት ክር ላልቶ ቆዳው አፉን ከፍቷል፣ ጫን ሳደርገው መግል ወጣ። እናትየዋ "ራሱ እንዲቀዘቅዝለት ብዬ ነው ልጄ" አለችኝ እንባዋ እየወረደ፣ እናት ነች ምን ትበል፣ ቅቤ እኛ ዘንድ ፍቅር ነው። ግን እህቴ አደራ፣ ስፌቱ ላይ ቅቤም ፌጦም ማርም ጠበልም ምንም እንዳይነካው፣ እስኪድን ድረስ ደረቅና ንፁህ ፋሻ ብቻ። ዱአውም ፀሎቱም ይቀጥል፣ ቁስሉን ሳይነካ።

በሩ ሁሌ ኦፕራሲዮን ብቻ እንዳይመስልሽ። ሌላኛው መንገድ በደም ነው፣ እሱ ይባስ ይከፋል። አንድ ከደላንታ የመጡ ስኳር ያለባቸው አባት ነበሩ፣ መጀመሪያ ማጅራታቸው አካባቢ ትልቅ ብጉንጅ ወጣባቸው፣ በመርፌ ተነካ፣ ፈነዳ፣ ተረሳ። ከዛ ወገባቸውን ሌሊት ሌሊት አላስተኛ አላቸው፣ ወገሻ ጋ ሄደው ሶስት ሳምንት ሙሉ ጀርባቸው ታሸ። እኛ ጋ ሲደርሱ አንገታቸው እንደ እንጨት ደርቋል፣ ሰውም አይለዩ፣ ሁለቱም እግራቸው ዝሏል። ስታፉ ከብጉንጁ ወደ ደም፣ ከደም ወደ አከርካሪ አጥንት፣ ከአጥንቱ ወደ ሰረሰር ሽፋን ሄዶ እዚያ መግል ቋጥሯል፣ ከዛ ነው ማጅራት ገትር የሆነው። ለዚህ ነው ውስጥ ደዌ ሐኪም ስታፍ ሲባል ልብ የሚያዳምጠው፣ የልብ አልትራሳውንድ የሚያዘው፣ አከርካሪ እየነካካ "እዚህ ጋ ያምዎታል?" የሚለው፣ የልብ በር ላይ ተቀምጦ ወደ አንጎል ጀርም የሚረጭ ቁስል ሊኖር ስለሚችል። በደም የሚመጣው ስታፍ ማጅራት ገትር ታክሞም ቢሆን ከሶስት ሰው አንዱን አንዳንዴም እስከ ግማሽ ድረስ ይገድላል፣ ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚመጣው እንደ ወንድምሽ ያለው የተሻለ ተስፋ አለው። ስኳር ያለበት ሰው፣ ኩላሊቱን የሚታጠብ ሰው፣ ብጉንጅ ወጥቶበት ትኩሳትና የጀርባ ህመም ከተከተለው መታሸት ሳይሆን መታየት ነው ያለበት። ከላይኛው ከንፈርና ከአፍንጫ ዙሪያ የወጣ ብጉንጅ ደግሞ በጭራሽ አይፈርጥ፣ የዛ አካባቢ ደም ስሮች ወደ አንጎል ስር የሚገናኙ ናቸው።

ከጀርባ ውሃ መወሰዱን ልንገርሽ፣ ይሄ ሽባ ያደርጋል የሚባለው ወሬ ስንት ሰው አልፈልግም ብሎ እንዳስፈረመና ሳይመረመር ቤቱ እንዳስገባ እኔ ነኝ የማውቀው። ሰረሰር ውስጥ የሚወርደው ዋናው የነርቭ ገመድ ትልቅ ሰው ላይ የወገብ አጥንቶች ሲጀምሩ አንደኛው ወይ ሁለተኛው አጥንት ላይ ያልቃል። መርፌው የሚገባው ደግሞ ከዛ በታች ነው፣ በሶስተኛውና በአራተኛው ወይም በአራተኛውና በአምስተኛው መሀል፣ እዚያ ያሉት ቀጫጭን ነርቮች ውሃ ውስጥ እንዳለ ፀጉር የሚንሳፈፉ ናቸው፣ መርፌ ሲመጣ ገለል ይላሉ። ውሃው ጠቅላላ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፣ ሁለት ሲኒ ቡና በይው፣ ሰውነት ግን በቀን ግማሽ ሊትር ገደማ ይሰራል፣ ስለዚህ የተወሰደችውን ጥቂት ሚሊ ሊትር ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይተካታል። ከዛ በኋላ ሲነሳ ራሱን ሊያመው ይችላል፣ ጥቂት ቀን ነው፣ ይተወዋል። ሽባ የሚያደርገው በሽታው ነው፣ ሰዎች ሁለቱን የሚያምታቱት ውሃ የሚወሰደው በጣም ለታመመ ሰው ስለሆነ ነው። ጤነኛ ሰው ውሃው እንደ ምንጭ ውሃ ኩልል ያለ ነው፣ የወንድምሽ ሩዝ የታጠበበት ውሃ የመሰለ ደፍራሳ ሆኖ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ፣ ያ ድፍርስ ነጭ የደም ሴልና መግል ነው። ምናልባት በኋላ ድጋሚ እንውሰድ ካሏችሁም አትከልክሉ፣ ጀርሙ መጥፋቱን የሚያዩበት ሌላ መንገድ የላቸውም።

አሁን ወደ መድሀኒቱ። ሴፍትሪያክሶን ጥሩ መድሀኒት ነው፣ ለነኒሞኮከስና ማኒንጎኮከስ ዋናው እሱ ነው፣ ስታፍ ላይ ግን ደካማ ነው፣ መድሀኒት የለመደው ስታፍ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይሰራም። መድሀኒት የለመደ ስንል ሜቲሲሊን የሚባለው የመድሀኒት ቤተሰብ የማይገድለውን ነው፣ ሜቲሲሊን በ1959 እ.ኤ.አ. አካባቢ ወጣ፣ ሁለት አመት ሳይሞላ በ1961 እንግሊዝ አገር የማይበገርለት ስታፍ ተገኘ፣ እንዲህ ነው ይሄ ባክቴሪያ። ቫንኮማይሲን የተጀመረለት እንግዲህ የትኛው አይነት እንደሆነ ሳይታወቅ ሁለቱንም እንዲይዝ ነው። ካልቸሩ ደርሶ ስታፉ ለክሎክሳሲሊን፣ ማለትም ለዚያው ለሜቲሲሊን ቤተሰብ፣ የሚበገር ሆኖ ከተገኘ ሐኪሞቹ ወደሱ ሊቀይሩት ይችላሉ፣ ያኔ "ውዱን አንስተው ርካሹን ሰጡት" ብላችሁ እንዳትጣሉ፣ ለሚበገር ስታፍ ክሎክሳሲሊን በደም ስር ሲሰጥ ባክቴሪያውን ከቫንኮማይሲን የበለጠ ይገድላል፣ ለወንድምሽ የምስራች ነው እሱ ውጤት። ቫንኮማይሲኑ እስካለ ድረስ ደግሞ ቶሎ እንዲያልቅ ብሎ የጉሉኮሱን መቆጣጠሪያ ማንም እንዳይከፍተው፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ወስዶ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፣ ሲፈጥን ፊትና አንገት ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ግፊትም ሊወርድ ይችላል። ኩላሊቱንም በየሁለት ሶስት ቀኑ በደም ምርመራ ያዩለት፣ ሽንቱ ካነሰ ንገሯቸው።

እና አሁን ዋናው። "ተሽሎታል" ያልሽው። አዎ ተሽሎታል አልሀምዱሊላህ፣ ግን ስሚኝ። አንጎልና ደም መሀል ጥብቅ ወንፊት አለ፣ በጤና ጊዜ ብዙ መድሀኒት አያሳልፍም። ሽፋኑ ሲቆጣ ወንፊቱ ይላላል፣ መድሀኒቱም ይገባል። ታማሚው ሲሻለው ደግሞ ቁጣው በረድ ሲል ወንፊቱ እንደገና ይጠባል፣ ስለዚህ ልክ "ዳነ" ባልንበት ሰዓት ወደ አንጎል ውሃው የሚደርሰው መድሀኒት እያነሰ ነው የሚሄደው። እዚያ ውሃ ውስጥ ደግሞ ደም ውስጥ ያሉት የመከላከያ ፕሮቲኖች በጣም ጥቂት ናቸው፣ የቀረችውን ጥቂት ባክቴሪያ መድሀኒቱ ነው መጨረስ ያለበት። ለዚህ ነው በሌላ በሽታ ሲሻል መርፌው ወደ ኪኒን ሲቀየር እዚህ ጋ መጠኑ ሳይቀነስ በደም ስር እስከ መጨረሻው የሚቀጥለው። የክሎክሳሲሊን ኪኒን ብትሰጪው በሆድ አልፎ ደም ውስጥ የሚደርሰው ትንሽ ነው፣ ከዛ ወንፊቱን የሚያልፈው ከዛም ትንሽ፣ አንጎል ውሃው ውስጥ ምንም አልደረሰም ማለት ነው። እንደ ሊነዞሊድ ያሉ ጥቂት ኪኒኖች በደንብ ይደርሳሉ፣ ያን ግን መወሰን ያለበት የሚያክመው ሐኪም ካልቸሩን ይዞ ነው፣ ፋርማሲ ላይ ቆሞ የሚመረጥ አይደለም። ጊዜው በትንሹ 14 ቀን ነው፣ ውስጡ ቱቦ ወይም ብረት ካለና መውጣት ካለበት ቆጠራው ሊረዝም ይችላል፣ የልብ በር ወይም አጥንት ከተነካ 4 እና 6 ሳምንት ይሄዳል። 6ኛ ቀን ማለት ግማሽ መንገድ እንኳን አይደለም።

በ7ኛ ቀን "ደህና ነው" ተብሎ ፈርመው ያስወጡት አንድ ወጣት ነበር፣ እኛም ለመንን እነሱም ችግር ነበረባቸው፣ ብሩ አልቆ ከብት እስከመሸጥ ደርሰዋል። ከ10 ቀን ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ እየተንዘፈዘፈ ተመለሰ። ተረፈ፣ ግን አሁን ስታናግሪው አፍሽን አፍሽን ነው የሚያየው፣ ሁለቱም ጆሮው አይሰማም። ዳግም ሲተኛ የወጣው ወጪ ደግሞ የቀረውን 7 ቀን ከማስጨረስ ስንት እጥፍ እንደሆነ አስቢው። ስለ ብሩ እንግዲህ፣ የማህበረሰብ ጤና መድህን ካላችሁ መታወቂያውን አምጡ፣ ከሌላችሁም የሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር ጋ ሂዱና ተናገሩ፣ ሐኪሙም ችግራችሁን ይወቅ፣ ሰዎች ያፍሩና ዝም ብለው ፈርመው ይወጣሉ፣ ቀድመው ቢናገሩ ኖሮ ከውጭ የሚገዛውን መድሀኒት በምን መንገድ እንደምናቀል አብረን እናስብ ነበር።

አሁን አጠገቡ ሆናችሁ የምትጠብቁት ነገር ቢኖር እንቅልፉን ነው። ሲጠሩት የሚነቃ ሰው ድንገት መቀስቀስ ካስቸገረ፣ ትውከት ከጀመረ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከሰነፈ፣ አይኑ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ካየ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይ ትኩሳቱ ከተመለሰ "እስኪ ይንጋ" ሳትሉ ነርሷን ቀስቅሱ። አንጎል ውስጥ ውሃ ሊጠራቀም ወይም መግል ሊቋጥር ይችላል፣ ሲቲ ስካን ያስፈልገዋል። ከጨረሰ በኋላም ጆሮውን ያስመርምር፣ ነገር መርሳትና ቶሎ መናደድ ለጥቂት ወራት ቢያሳይ ሆን ብሎ እንዳልሆነ እወቁለት፣ ሞተር ላይ ደግሞ ሐኪሙ ካልፈቀደ አይወጣም።

ነገ ጠዋት ሐኪሞቹ ታማሚ ለማየት (ራውንድ) ሲመጡ ሶስት ነገር ጠይቂያቸው። ካልቸሩ ደርሷል ወይ፣ ስታፉ ለክሎክሳሲሊን ይበገራል ወይስ አይበገርም? ስፌቱና የራስ ቅሉ ታይቷል ወይ፣ ውስጥ መውጣት ያለበት ብረት ወይም ቱቦ አለ ወይ? መድሀኒቱ የሚያልቀው በስንተኛው ቀን ነው? የመጨረሻውን መልስ ወረቀት ላይ ፃፊና ለእናትሽ ስጪያት፣ ቀኑን እሷ ትቁጠረው። የካልቸሩን ውጤት ስታገኚ እዚሁ ፃፊልኝ፣ ስሙን ሳትፅፊ።